ዘውድ የደፋው አንበሳ

ታናሽ ወንድሟ ለአዲሱ ቤቱ በር ያሠራውን የቤተሰብ አርማ ገለጠላት። ጋሻው ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ጎራዴ መዟል።

«እትዬ፣ ዘራችን ይኸውልሽ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«የማን ዘር? አባታችን ቆዳ ፋቂ ነው። ያሳደገን ቢላዋው ነው፤ ጋሻው ላይ እሱን አሥለው።»

«ይሸታላ!» ብሎ ሳቀ። «አባባም ነገ እዚህ ሲገባ፣ እንግዳ ከጠየቀው የጦር አዛዥ ነበርኩ ይበል። ምን ይጎዳዋል?»

ሽማግሌው አባቷ ይህን ልጅ ለማስተማር ቆዳ ሲፍቅ ጣቶቹ ጎብጠው ቀርተዋል። አሁን ደግሞ በስተርጅና ውሸት ሊያስጠናው!

«ወጪት ሰባሪ! አባባ እኔ ጋ ይቆያል። ከፈለግህ አንበሳህን ላክለት፤ ገፎ ጫማ የሚሆን ቆዳ ያወጣልሃል።»

የአባቷን ዕቃ ለማምጣት ለነገ የተከራየችውን መኪና እዚያው በሩ ሥር ቆማ በስልክ ሰረዘች።