አሮጊቷና የልጅቷ መኪና

መካኒኩ ግቢው ውስጥ ሁለት መኪና አለው። አንዷን ጎረምሳ ሳለ ነው የገዛት፤ «አሮጊቷ» ይላታል። ካርቡራተሯን በጥርስ ብሩሽ ያጥብላታል፣ ሲላት ተገፍታ ትነሳለች፣ ማታ የባትሪዋን ገመድ ካልነቀለላት ደግሞ ጠዋት «አልነሳም» ብላ ድርቅ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጁ ይህን ለምዷል። ሁለተኛዋ የሴት ልጁ ናት፤ መስኮቷም መቀመጫዋም በቁልፍ የሚታዘዝ ቅምጥል። «ይቺ መኪና ናት ቴሌቪዥን?» እያለ ልጁን ያበሽቃት ነበር። «አባዬ፣ ያንተዋ እኮ ስትነሳ ሰፈር ትቀሰቅሳለች!» ትለዋለች እሷም።

ልጅቷ ታማ ከሞተች ሦስት ወሯ ነው።

መካኒኩ ሞተሯ እንዳይበላሽ ጠዋት ጠዋት መቀመጫውን ለረጅም እግሩ ወደኋላ ገፋ አድርጎ ሰፈሩን ያዞራታል። ከሰዓት ሚስቱ ትገባና በሩ ላይ ያለችውን «1» የምትል ቁልፍ ትጫናለች። መቀመጫው ቀስ እያለ መጥቶ፣ መኪናዋ በያዘችው፣ ልጅቷ ትነዳበት በነበረው ልክ ይቆማል። እናት እዚያ ቁጭ ብላ አልቅሳ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በዚህ ምክንያት መካኒኩ መኪናዋን ልግዛ ያለውን ሁሉ ከበር ይመልሳል።

አንድ ጊዜ መካኒኩና ሚስቱ እህቱን ሊጠይቁ ለአራት ቀን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት፣ ባትሪዋ እንዳይደክም ብሎ፣ የልጅቷንም መኪና ገመድ ነቀለ። እንደተመለሱ መልሶ አሰረው።

ሚስቱ ገብታ ቁጥሯን ተጫነች። መቀመጫው ንቅንቅ አላለም።

«ምን አደረግካት?»

«ምንም። ገመዷን ብቻ ነቅዬ...» ያኔ ገባው። አሮጊቷ ቢበታትናትም ያቺው ናት፤ የምትረሳው ነገር የላትም። ይቺኛዋ ግን የምታስታውሰውን ሁሉ የያዘችው በባትሪው ነበር። ወይ ጉድ! ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲፈታ የኖረ ሰው!

«ቆዪ፣ አስተካክለዋለሁ» ብሎ በሩ ሥር ተንበረከከና የመቀመጫውን ቁልፍ ይጫን ጀመር። «እዚህ ጋ ነው?»

«ትንሽ ወደፊት።»

«እዚህስ?»

«ኧረ በዛ።» እግሯን ዘረጋች፣ መሪውን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ከፍ፣ ዝቅ ቢያደርገውም አልሆነም። በመጨረሻ እጇን ከመሪው ላይ አነሳች።

«ጠፋኝ» አለች። «አንተ አታስታውስም?»

ልጁ ስትነዳ አጠገቧ ስንት ጊዜ ተቀምጧል! ሁልጊዜ ግን መንገዱን ነበር የሚያየው።