ሶሪ ለአባቴ አይበቃም

የእንግሊዝኛ መምህራችን አድማሴ ይባል ነበር። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልልም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ጎንደር ላይ እንደሱ እንግሊዝኛ የሚያንበለብል የለም ይሉለት ነበር፤ ይበሉለት።

በዚያ ሳምንት ያስተማረን «ሶሪ» የሚለውን ቃል ነበር። የሰው እግር ስትረግጡ ሶሪ፤ ስታረፍዱ ሶሪ፤ ሰው ለሞተበትም ሶሪ። እጄን አውጥቼ «እኛ ለወደቀ እኔን፣ ላዘነ እግዜር ያጥናህ እንላለን፤ የበደልነው ሰው እግር ላይ ደግሞ ድንጋይ ተሸክመን እንወድቃለን። ይኼ ሁሉ እንዴት ባንድ ቃል ያልቃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እንግሊዝኛ አያንዛዛም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀብኝ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ስንቅ ይዘውልኝ ከአዘዞ በእግራቸው መጡ። ዝናብ መትቷቸው ጋቢያቸው ጭቃ ሆኗል። የክፍላችን በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ሲፈልጉኝ አድማሴ ለማኝ መሰሉት። «እዚህ ምጽዋት የለም!» ብሎ ገፈተራቸው። ወደቁ። ጥምጥማቸው ተፈታ፤ ቆሎው ጭቃ ላይ ፈሰሰ።

«አባቴ ናቸው!» ብዬ ጮህሁ።

አድማሴ እኔን አየኝ፤ እሳቸውን አየ። «ሶሪ» አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ደሜ ፈላ። «ሽማግሌ ይዘው፣ ድንጋይ ተሸክመው እግራቸው ላይ ይውደቁ! እስከዚያ አልቀመጥም» አልሁት።

ዲሬክተሩ ተጠርተው መጡ። «መምህሩ ይቅርታ ጠይቀዋል። ተቀብለሽ ተቀመጪ፤ አለዚያ ከትምህርት ቤቱ ተሰናብተሻል» አሉኝ። የመልቀቂያ ፈተናው ደርሷል። ካለፍሁ ሐኪም ቤት እቀጠራለሁ፤ ከወጣሁ ዘመዶቼ ጠዳ ላይ ያጩልኝ ባል ይጠብቀኛል። ከዘመድ ሁሉ ተጣልተው ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው።

«ልጄ፣ እኔ ይቅር ብየዋለሁ። ስለኔ ብለሽ ትምህርትሽን አትጪ» አሉ፣ ጥምጥማቸውን እየጠመጠሙ።

«እርስዎ ይበሉት አባየ፤ እኔ አልለውም።»

ደብተሬን ሰብስቤ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። በመንገድ ላይ እኔ አላለቀስሁም፤ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

«ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» አሉኝ።

«ገፍቶ የጣለዎትን ሰው ነገ ጧት ብድግ ብዬ ጉድ ሞርኒንግ ሰር ልበለው?»

አዘዞ ልንደርስ ስንል ክንዳቸውን ከእጄ አላቀቁና ትከሻዬን አቀፉኝ።

«እንግዲያው የጠዳውንም ሰው እምቢ እለዋለሁ» አሉ።