የትናንት ምስክር

የላውንደሪው ሠራተኞች «እንፋሎት» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በካውያ እንፋሎት ውስጥ ስለቆመች ብቻ አይደለም፤ ስትቆጣ ቶሎ ትገነፍላለች፣ ቶሎም ትበናለች። ያልበነነላት ቁጣ አንድ ብቻ ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ፤ ለጊዜው ግን እንግሊዝኛ መማር ከጀመረችበት ልነሳ።

ነገሩን ያመጣው የላውንደሪው ባለቤት ነው። ላውንደሪው ከሆቴሎች ጋር መሥራት ከጀመረ ወዲህ የውጭ አገር ሰዎች ሸሚዛቸውን አንጠልጥለው ብቅ ማለት አበዙ፤ ባለቤቱም «እንግሊዝኛ ተምሮ ወረቀት ያመጣ ሰው ከካውያው ይወጣና መቀበያው ላይ ይቀመጣል» አለ። ወጣቶቹ ሳቁና ተዉት። እንፋሎት ግን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ መቆም ከሰለቸው ሰንብቷል። አንድ ደብተርና ሁለት እርሳስ ገዝታ ተመዘገበች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከሥራ በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። የምድጃው ሙቀት በወለሉ በኩል ስለሚወጣ ተማሪው ሁሉ በግማሽ ልቡ እያንቀላፋ ይማራል። አስተማሪው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቃል ሲጽፉ ስለኖሩ ሰዋስውንም የሚያዩት እንደ ችሎት ነው።

«ያለፈ ጊዜ ማለት የተዘጋ መዝገብ ነው» አሉ በመጀመሪያው ቀን። «ሆኗል፣ አልቋል፣ መቼ እንደሆነም ይታወቃል። ትናንት፣ ያለፈው ሳምንት፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት።»

ዘጠኝ ዓመት ሲሉ እንፋሎት ቀና አለች። ዝም ብሎ አፋቸው ላይ የመጣ ቁጥር ነው፤ እሷን ግን ወጋት።

«ጨዋዎቹ ግሶች መጨረሻቸው ላይ ኢድ ይጨመርላቸዋል። ዋሽ፣ ዋሽድ። ኦፕን፣ ኦፕንድ። እነዚህ ሕግ አክባሪ ዜጎች ናቸው። ጎ ግን ወንጀል ሠርቶ እንደሸሸ ሰው ስሙን ቀይሮ ዌንት ይባላል። ሲት ሳት ይሆናል፣ ሲ ደግሞ ሶው። እነዚህን መልካቸውን አጥንቶ መያዝ ነው እንጂ ሌላ መላ የላቸውም። ስትጠይቁና ስትክዱ ዲድ ይመጣል፤ ዲድ ከመጣ ግሱ ጅራቱን ጥሎ ይቆማል። ለአንድ ችሎት አንድ ዳኛ ይበቃዋል።»

እንፋሎት ይህን ወደደችው። ኢድን ስትጨምር የሸሚዝ ጠርዝ አጥፋ የምትተኩስ ይመስላት ነበር። ቃሉ ይያያዛል፣ ያልቃል፣ ይታጠፋል።

አስተማሪው አንድ የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ተማሪው በየቀኑ ስለ ትናንቱ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በመጨረሻው አርብ ደግሞ እያንዳንዱ በደብተሩ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱን ይዞ ይመጣል። ተማሪው ቆሞ ያነባል፣ እሳቸው ይተረጉማሉ፣ ምስክሩም «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ይላል። «ምስክር የሌለው ትናንት ወሬ ነው» ይሉ ነበር። «እኔ ደግሞ ለወሬ ወረቀት አልሰጥም።»

የእንፋሎት ትናንት ግን ምን ይጻፍበታል? አይ አየርንድ ሸርትስ። አይ አየርንድ ሺትስ። አይ አየርንድ ሸርትስ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተሯ ውስጥ ከሸሚዝና ከአንሶላ በቀር ዝር ያለ ነገር የለም። አስተማሪው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት።

«ልጄ፣ ኑሮሽ ሁሉ ካውያ ነው እንዴ? እስቲ ሌላ ያየሽውን ጻፊ።»

ያየሽውን አሏት። እሷም ቃሉን እንዳለ ወሰደችው። ምሳ በልታ ከካውያው ጀርባ፣ ገና ትኩስ በሆኑ ፎጣዎች ክምር ላይ ለሃያ ደቂቃ ጋደም የማለት ልማድ አላት። እዚያ ክምር ላይ ሁልጊዜ ህልም ታያለች። በዓይኗ ያየችው ነገር ነውና ምን ነውር አለው ብላ እሱን መጻፍ ጀመረች።

ህልሙ አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ሁሉ የታጠበ አንሶላ ተሰቅሎበታል፤ እሷ በመካከሉ ታልፋለች፣ አንሶላውም ራሱ እየተገለጠ ያሳልፋታል። እግሯን አያማትም። መጨረሻ ላይ አረንጓዴ በር አለ። በሩ ይከፈትና ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ ትታያለች። «ዘገየሽ» ትላታለች፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስኒ ያጥባሉ፤ የስፌት መኪናው ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ይሰፋል። ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

አይ ዌንት ቱ ማይ ሲስተርስ ሃውስ። ሺ ኦፕንድ ዘ ዶር። ዊ ድራንክ ቲ። ዊ ዋሽድ ዘ ከፕስ።

አስተማሪው ደስ አላቸው። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሁለት ፊደል አቃኑና ከታች «እህትሽን ሰላም በይልኝ» ብለው ጻፉ። እንፋሎት ያቺን ቀይ መስመር ደጋግማ አነበበቻት፤ የማይበንነው ቁጣም ያን ጊዜ ተቀሰቀሰ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እንፋሎት በሌላ ከተማ ላውንደሪ ስትሠራ እናቷ በእህቷ ቤት ሞተች። የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ቤቱ በሰው እንደተሞላ በሩ ላይ ቆመችና «ስትታመም እንኳ አልጠራሽኝም! ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!» ብላ ጮኸች። መልስ ሳትጠብቅም ዞራ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያቺ ቃል እዚያው በሩ ላይ ቀረች። በኋላ እንፋሎት ወደዚሁ ከተማ ተመለሰች፤ ከቤቷ እስከ እህቷ ቤት ስድስት ፌርማታ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልሄደችም። ኩራት ነው እንዳትሉ፣ ኩራቱ ካለፈ ቆይቷል። ፍርሃት ነው። እናቷ እንዴት እንደሞተች እስከ ዛሬ አታውቅም። ሥቃይ ላይ ሆና ስትጣራት ቢሆንስ? ይህን ሊነግራት የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው በገዛ አፏ «የለኝም» ብላዋለች።

ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፤ እሷም ከምሳ በኋላ ፎጣው ላይ መጋደሟን፣ ያየችውንም መጻፏን ቀጠለች። በሰባተኛው ሳምንት እናቷም መጣች። በሕይወት ሳለች ትወደው በነበረው መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ምንም አልተናገረችም፤ ሳቀች ብቻ። እንፋሎት ፊቷ ረጥቦ ነቃች። እንፋሎቱ ነው ብላ በፎጣ ጠረገችው።

የመጨረሻው አርብ ሲቃረብ አስተማሪው «ምስክርሽ እህትሽ ናት አይደል?» አሏት። ጉድ ፈላ! የጻፈችው ህልም ምስክር እንደሌለው የገባት ያኔ ነው። በላውንደሪው ስትናገር ልብስ የምታጣጥፈው ጓደኛዋ በሳቅ ሞተች።

«ምን ችግር አለው? እኔ እህትሽ እሆንልሻለሁ! ሆኗል፣ ሆኗል ማለት አይደል?»

«ተይኝ እባክሽ።»

«ወረቀቱን አትፈልጊውም እንዴ?»

እንፋሎት ካውያዋን አነሳች። ወረቀቱን ትፈልገዋለች። ግን ወደ እህቷ የሚያስኬድ ሌላ ሰበብ ካሁን በኋላ እንደማታገኝም ገብቷታል። «ይቅርታ» ብላ የእህቷን በር ማንኳኳት አትችልም፤ «ምስክር ፈልጌ ነው» ብላ ግን ትችል ይሆናል።

እሑድ ከሰዓት ስድስት ፌርማታ ሄደች። እግሯ እንደ ህልሙ አልሆነላትም፤ ጉልበቷ እየጮኸ ነው የደረሰችው። በሩ ቡናማ ሆኗል። ቀለም የተቀባበትን ቀን እንኳ ሳታውቅ መቅረቷ ቆጫት። አንኳኳች። እህቷ ከፈተች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፣ ጸጉሯ ግን ነጭ ሆኗል።

«እቴቴ» አለች እንፋሎት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምስክር።»

«ተከሰሽ?»

«አይ… እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው።»

ታላቅየዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ግቢ አላለቻትም። «መቼ?» አለች።

«አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዳቦ ቤቱ በላይ።»

«እሺ» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ስለ ምን እንደምትመሰክር አልጠየቀችም፤ እንፋሎትም ለመንገር ድፍረት አላገኘችም።

አርብ ክፍሏ በሰው ሞላች። አንድ የታክሲ ሾፌር አማቱን ምስክር አድርጎ አምጥቶ «ትናንት ለአማቴ ውሃ ቀዳሁላቸው» ሲያነብ፣ ሴትዮዋ «በህልሙ ይሆናል!» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። እንፋሎት አልሳቀችም። ህልም የሚለው ቃል ጆሮዋን አቃጥሎታል። እህቷ ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ዳኛ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

ተራዋ ደረሰ። ተነስታ የመጀመሪያውን አነበበች፤ አስተማሪው ተረጎሙ፦ «ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ።»

«አልሆነም» አለች እህቷ።

«በሩን ከፈተችልኝ።»

«አልሆነም።»

«ሻይ ጠጣን። ስኒ አጠብን።»

«አልሆነም። አልሆነም።»

 አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ተማሪያቸውን አዩዋት። የእንፋሎት ፊት ፍም መሰለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ትሰማ ነበር፤ በሰው ፊት እንዲህ ይጠራል ብላ ግን አላሰበችም። ደብተሯን ዘግታ ልትወጣ ከጀላት። ቆይ፣ መጨረሻው ቀርቷል አለች ለራሷ፤ እሱን ሳላነብ ብወጣ እናቴን እዚያው መስኮት ላይ ትቼ እንደ መሄድ ነው።

«አወር ማዘር ሳት ባይ ዘ ዊንዶው» አለች። «ሺ ላፍድ።»

አስተማሪው ቀስ ብለው ተረጎሙ። «እናታችን መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሳቀች።»

እህቷ ወደ አስተማሪው ዞረች። ከታች የዳቦ ምድጃው በር ሲከፈት ተሰማ።

«ይህን ማን ነገራት?» አለች አስተማሪውን። «እዚያ እኮ አልነበረችም።»

«ምስክር ሆነሽ ነው የመጣሽው፤ ሆኗል ወይስ አልሆነም?»

«ይቺ ሆናለች።» ቦርሳዋን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አሁን የምታየው እህቷን ነው። «እናታችን ባረፈችበት ቀን ሁለት ግራ እጅጌ አንድ ዩኒፎርም ላይ ገጥሜ አገኘችኝ። እንዴት ሳቀች መሰለሽ! ‹ይህን እንኳ ለታናሽሽ አስቀምጪላት፤ እሷም ብትተኩሰው አይቃናም› አለችኝ። ውሃ ላመጣላት ገባ ብዬ ስመለስ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋለች። ሳቋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። መች ታመመችና ነው የምጠራሽ? ምን ብዬ? ልነግርሽ እየጠበቅኩሽ ነበር። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ እህት የለኝም አልሽ።»

እንፋሎት ደብተሯን ዘጋች። ዘጠኝ ዓመት የፈራችው ጣር አልነበረም። እናቷ የጠራቻት በሳቅ ነው፣ ለዚያውም ስለ ካውያዋ። ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለችና በሰው ሁሉ ፊት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንዱ ጸንቷል፣ ሌላው አልጸናም። ወረቀት መስጠት አልችልም፣ መከልከልም አልፈልግም። መዝገቡ ለሚመጣው አርብ ተቀጥሯል።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እህቷ እየተነሳች። ከዚያ ወደ እንፋሎት ዞረች። «እሑድ ነይ። ሲሆን አይቼ ሆኗል እላለሁ። ካውያሽንም ይዘሽ ነይ።»

እሑድ ቡናማው በር ከመንኳኳቱ በፊት ተከፈተ።

«ዘገየሽ» አለች እህቷ።

ሻይ ጠጡ፣ ስኒዎቹንም አጠቡ። ከዚያ ታላቅየዋ ከቁም ሣጥኑ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለች ዩኒፎርም አወጣች፤ ሁለቱም እጅጌዎቿ ግራ ናቸው፣ ክሯም አልተነካም። እንፋሎት መስኮቱ አጠገብ ዘረጋቻት፣ ውሃ ረጨችባት፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሙያዋ ሁሉ ተኮሰቻት። ገለበጠቻት፣ ደግማ ተኮሰቻት። እህትማማቾቹ ተያዩና ሳቅ አፈናቸው። እናታቸው እውነቷን ነበር፤ አልተቃናም።