ጠባቂ ውሻ

ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ቡችላ ልታይ የሄደችው እምቢ ለማለት ነበር። እምቢታዋን ከቤት ይዛ ነው የወጣችው፤ የቀራት ሰበብ ማግኘት ብቻ ነበር።

ወዳ አይደለም። የፊተኛው ውሻቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከካርቶን ወጥቶ የተሸጠላቸው ነበር። እናቱን ያየ የለም፤ ሻጩም ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም። ውሻው ገና ሳይጎለምስ የዳሌው መገጣጠሚያ ተበላሸና ደረጃ መውጣት አቃተው። በክንዷ ተሸክማ ስታወጣው ስታወርደው ከርማ፣ በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላቱን ደግፋ ሸኘችው። ከዚያ ወዲህ ባሏ “ውሻ” ባለ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች፤ ወሬው በዚያው ይሰጥማል።

ባልየው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አፉ ሥራ አይፈታም። ዛሬም መንገዱን ሙሉ ሲለፈልፍ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

የከፈቱላቸው ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የትምህርት ቤት ነርስ ሆነው እየሠሩ፣ በግ ለመንዳት የተፈጠሩትን የእረኛ ዝርያ ውሾች በቤታቸው ያራባሉ። ሰፈሩ “እትዬ ቆይ” ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም።

“ቆይ!” አሉ ሹፌሩ እግሩን ሲያነሳ። እሱም፣ ከኋላቸው የመጣችው ትልቅ ውሻም እኩል ቀጥ አሉ።

“የትኛችንን ነው፣ እትዬ?”

“ሁለታችሁንም። ጫማ እዚህ ይወለቃል፣ እጅ እዚያ በሳሙና ይታጠባል። ቡችሎቹ ክትባታቸውን አልጨረሱም፤ እናንተ ደግሞ ምን ረግጣችሁ እንደመጣችሁ አላውቅም።”

“ኦፕራሲዮን ልንገባ ነው እንዴ?” አለ ለሚስቱ በሹክሹክታ። እሷ ግን እየታጠበች ነበር። መኪና ማቆሚያው ውስጥ እጃችሁን ታጠቡ ያላቸው አልነበረም።

ቡችሎቹ ሳሎኑ መሃል በጣውላ ታጥረው ይንጫጫሉ። ልብስ ሰፊዋ ሽታ ፈለገች፤ አጣች። መኝታቸው በአንድ ጥግ፣ መጸዳጃቸው በሌላው ጥግ ነው፤ ሁለቱም ንጹሕ።

“ሳሎን ውስጥ? ጓሮ እያለልዎት?” አለች፤ ይህ እንኳ ሰበብ ይሆናል ብላ።

“ጓሮ ያደገ ቡችላ ቤት ሲገባ ሁሉ ነገር ጅብ ይመስለዋል። እዚህ ቴሌቪዥን አለ፣ የበር ደወል አለ፣ የእኔ ጩኸት አለ።” የድስት ክዳን አነሱና ወለሉ ላይ ለቀቁት። ቡችሎቹ በየጥጉ ተበተኑ። ብዙም ሳይቆዩ አንዱ በደረቱ እየተሳበ መጥቶ ክዳኑን አሸተተ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። “መደንገጥማ እኔም እደነግጣለሁ። እኔ የማየው ተመልሶ መምጣቱን ነው።”

“እናታቸውስ?”

“ቀሚስሽን የምታሸተው ማን መሰለችሽ?”

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የእናቲቱን የኋላ እግሮች አካሄድ አየች። እትዬ ቆይ ይህን ሲያዩ ምንም ሳይጠየቁ የራጅ ፊልም አምጥተው በመስኮቱ ብርሃን ዘረጉት። “ዳሌዋ ይኸው። የአባትየውም አለ፤ እሱ በግ አርቢ ቤት ነው። ዓይናቸውም ታይቷል።”

“እና የእነዚህ ዳሌ አይበላሽም ብለው ይምሉልኛል?”

“አልምልም። የሚምልልሽ ካገኘሽ ከእሱ እንዳትወስጂ። እናትና አባቱን ሳላስመረምር አላገናኘሁም፤ የምልሽ ይህን ነው። ቢታመምብሽ፣ ባይሆንልሽ፣ ቢያረጅም እንኳ ወደዚህ በር ይመለሳል። የእኔ ልጅ ሜዳ ላይ አይወድቅም።”

እምቢታዋ በደንብ እንዳልታሰረ ክር ላላ።

ሹፌሩ ይህን አይቶ ፈነደቀ። “አላልኩሽም! እትዬ፣ በስልክ እንዳልኩዎት ነው፤ እኔ የምፈልገው ጠባቂ ነው!”

የእትዬ ቆይ ፊት ተለወጠ። “እኔ በግ ጠባቂ ያልከኝ መስሎኝ ነው እኮ። ለዘብነት ከሆነ ቡችላ የለኝም። በር ላይ በሰንሰለት ሊታሰር አላሳደግሁትም።” ሄደው ጫማቸውን አንስተው አመጡላቸው።

እምቢ ልትል የመጣችው ሴት አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ነበር። “ኧረ ቆዩ፣ እትዬ!” ወደ ባሏ ዞረች። “አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትል ፈልገህ ነው?”

ሹፌሩ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ።

“ዘብ የሚል ቃል መቼ ወጣኝ? እኔ… ስዘገይ ማሽኑን ታቆምና መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። የማላይ ይመስላታል፤ ከመታጠፊያው ላይ ጥላዋ ይታየኛል። የፊተኛው እያለ ሁለት ጥላ ነበር። አሁን ብቻዋን ናት። እና ጠባቂ ያልኩት ይህን ነው፤ አብሯት የሚጠብቀኝ።”

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየች። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዳወቀባት አላወቀችም ነበር።

እትዬ ቆይ ጫማዎቹን መልሰው አስቀመጡ። “ታዲያ ማን ያንሸራሽረዋል? አንተ መንገድ ላይ ነህ። ይህ ዝርያ ሥራ ካጣ ሥራ ይፈጥራል፤ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ጥግ ያስይዝልሻል።”

“የሰፋሁትን ለደንበኞቼ በእግሬ ነበር የማደርሰው። እሱ ከሞተ ወዲህ ራሳቸው ይምጡ ብዬ ተውኩት። እንደገና እጀምራለሁ፣ እትዬ። ጠዋትም ማታም።” እየለመነች እንደሆነ የገባት ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ሹፌሩ ካልሲውን የሚጎትተውን ደፋር ቡችላ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

“እሱን ተወው። ሲያድግ አውቶቡስህን ቀምቶ ይነዳዋል። የእሱ ቦታ በግ አርቢ ዘንድ ነው።” ክዳኑን ከሌሎቹ በኋላ፣ ግን ረጋ ብሎ ያሸተተውን አንስተው ልብስ ሰፊዋን አሳቀፏት። “ይሄኛው ሥራ ሲሰጡት ይሠራል፣ ሲያበቃ ያርፋል። ዛሬ ግን አይሄድም፤ ከእናቱና ከወንድሞቹ የሚማረው ይቀረዋል። ቤትሽ ውስጥ የሚበዛው ድምፅ ምንድን ነው?”

“የስፌት መኪና።”

“ቀድተሽ ላኪልኝ። ሲበላ አሰማዋለሁ። ቤታችሁ ሲገባ የሚያውቀው ድምፅ ይጠብቀው።”

ልብስ ሰፊዋ ስንቱን ሰው ለክታ ሰፍታለች። ቡችላን በሚገባበት ቤት ልክ ሲያሳድጉ ያየችው ግን እኚህን ሴት ብቻ ነው።

ቤታቸው እንደደረሱ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ስልኩን አስጠግቶ መቅዳት ጀመረ። ለይስሙላ መንዳት አልወደደችም፤ ያደረ ሱሪ አንስታ ጎኑን መስፋት ያዘች።

“ፔዳሉን ጠንከር አድርጊው፣ ይሰማ!”

“ዝም በል፣ ድምፅህ እየገባ ነው።” ከዚያ መርፌውን አቆመች። “አይ፣ ይግባ እንጂ። የሚጠብቀውን ሰው ድምፅ ካላወቀ ምኑን ጠበቀ? በል ተናገር።”

ሹፌሩ ስልኩን ወደ አፉ አቀረበ። ጉሮሮውን ጠረገና፣

“ወራጅ አለ?” አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሱሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቋም ተቀዳ፤ ከማሽኑ ድምፅ ጋር እንዳለ ላኩት።