ለጠጉራሙ የተሰፋ ካፖርት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለፊንሎ ግን አልሠራም፤ ስለ ቤቱ የሚወራው ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነበር። ልብስ ሰፊ ነውና ሳምንቱን ሙሉ ማን በተባለችው ደሴት መንደሮች ከቤት ቤት እየዞረ ይሰፋል። መርፌ ባለበት ቤት ደግሞ ወሬ አይታጣም።

ወሬው ስለ ጠጉራሙ ነው። መቼም እነሱ፣ በስማቸው መጥራት ደግ አይደለምና እነሱ ልበላቸው፣ ብዙ ዓይነት ናቸው። ሕፃን ከአልጋው የሚለውጥ አለ፤ በጭጋግ መንገደኛ የሚያስት አለ፤ የላም ወተት የሚያነጥፍ አለ። ጠጉራሙ ግን ከመካከላቸው የተባረረ ነው። የሰው ልጅ ወድዶ ከበዓላቸው ቢቀር መልኩን ነጥቀው፣ በጠጉር ሸፍነው አባረሩት ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የወደደውን ቤት ሥራ ማንም ሳያየው ይሠራል፤ ዋጋው አንድ ገበቴ ወተት ነው። ዘንድሮ የመረጠው የፊንሎን ሚስት የኪሪን ሜዳ ሆነ።

ቅዳሜ ፊንሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ብረት ቀጥቃጩ ኦሪ ከደጃፉ ጠራው።

«ስማ እንጂ ፊንሎ! የላይኛው ሜዳህ ታጭዶ አደረ አሉ። አንተ ለሰው ሱሪ ትሰፋለህ፣ ሱሪ የሌለው ቤትህን ያቀናልሃል!»

«ሣሩን ብቻ ከሆነ ምን አለበት» አለ ፈረሱን ሊያስጫማ የመጣው ሰውዬ። «ሴት ወድዶ አይደል የተባረረው? አመል መቼ ይለቃል!»

ሳቃቸው እስከ ድልድዩ ተከተለው።

ቤት ሲገባ ኪሪ ስልባቦቱን እየገፈፈች ወደ ገበቴው ትጨምራለች።

«ያ ለማን ነው?»

«ለማን ይሆናል? ለሠራው ነዋ።»

«ለኔስ?»

«ላንተማ ዓሣና ድንች አለልህ። ይልቅ ሜዳውን አይተኸዋል? የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ሌሊት! ጠርዙ በክር የተለካ ነው የሚመስለው።»

በክር የሚለካው እኮ እሱ ነው! በተጋቡ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ኪሪ ስለ ስፌቱ አንድ ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም። ቅናት አንጀቱን በላው። ዓሣው አልዋጥ አለው።

ጠጉራሙን ማባረሪያው አንድ ነው፤ ይህን ደግሞ የደሴቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልብስ ከሰጡት እንደ ተሰናበተ ቆጥሮት ይሄዳል፤ አይመለስም። ፊንሎ ድርቆሽ ቤቱ ገብቶ ጠጉራሙ ተኝቶበት የጎደጎደውን ድርቆሽ አገኘና ትከሻውን፣ ክንዱን፣ ቁመቱን በክር ለካ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አለብኝ ብሎ በሰው ጎተራ ተደብቆ ሰፋ። ለወዳጁ እንኳ እንደዚያ ያለ ካፖርት ሰፍቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሽት ኪሪ ሳታየው ከገበቴው አጠገብ አኖረው።

ጎሕ ሲቀድ ከተራራው በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ኪሪ በባዶ እግሯ ወጣች። ካፖርቱ የለም፤ ወተቱ ግን እንዳለ ነው።

«ምን አስቀይሜው ይሆን?» አለች።

ኪሪ ከዚያ ወዲያ አልሳቀችም። በየምሽቱ ወተቱን ታኖራለች፤ በየጠዋቱ ለዐሣማዎቹ ትደፋዋለች። ተቀናቃኙ ሄዶ እንኳ ቤቱን ሞልቶት ቀረ። ፊንሎ ያባረረው ጠጉራሙን ሳይሆን የሚስቱን ፊት መሆኑ ገባው።

ያን ሳምንት ለስፌት አልወጣም፤ በአምስተኛው ቀን ኪሪ ሳትነቃ ተነሣ። ወተቱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፤ ረጅሙን ማጭድ ይዞ ወደ ታችኛው ሜዳ ወረደ። ከመርፌ የከበደ ነገር ያልለመደ እጁ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። ፀሐይ ሳትወጣ ተመልሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ገንፎ እንደሚጠብቅ ሰው ከገበታ ተቀመጠ።

ኪሪ ባዶውን ገበቴ ታቅፋ እየሮጠች ገባች።

«ፊንሎ! መጥቷል! ጨርሶ ጠጥቶታል! ታችኛውን ሜዳ አጨደልኝ!»

ሳቀች። አንገቱን አቅፋ ጉንጩን ሳመችው።

«ግን ምስኪን፣ ታሞ ነው መሰለኝ። አስተጫጨዱ ጠማማ፣ ግማሹን ሣር ዘሎታል። ዛሬ ቅቤ እጨምርለታለሁ።»

እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። ፊቷን አየው፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ በርቶ አያውቅም፤ የበራው ግን ለሌላ ነው። እኔ ነኝ ካላት ይጠፋል። ያን ወተት ጠጥቶ ጠማማ ባጨደው ሰውዬ ላይ፣ በገዛ ራሱ ላይ፣ ከቀድሞው የባሰ ቅናት ያዘው።

«ምነው ፊትህን አጠቆርከው?» አለችው። «ደግሞ ቀናህ? አንተስ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርገህልኝ ታውቃለህ?»

ፊንሎ እጆቹን ከገበታው ሥር ሸሸገ።

«የለም» አለ፤ «አላውቅም።»