የዝናሽ የሰዓት ሕግ

ከአብዮቱ ወዲህ ካርቱም ውስጥ ኮሚቴ የሌለው ነገር አላየሁም። የዳቦ ወረፋው ኮሚቴ አለው፣ ቤንዚኑ ኮሚቴ አለው። እናማ የእኛ ልጆች በስልክ ኳስ መጫወት ሲጀምሩ ለእሱም «ለጅና» አቋቋሙና እኔን ዳኛ አድርገው መረጡ። እኔን ዝናሽን! ጀብራ ሰፈር ውስጥ ለሐበሻ ወንደላጤ ክፍል የማከራይ፣ ኳስ ክብ መሆኑን እንጂ ሌላ የማላውቅ። «ምነው፣ ሰው ጠፋ?» ብላቸው፣ «እትዬ፣ አንቺን የሚከራከር የለማ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ጊዜው የኮሮና እገዳ ነበር። የዓባይ ድልድዩ ተዘግቶ፣ ሥራ ቆሞ፣ ሁሉም በየቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ከካላክላ ሰፈርም፣ ከካፉሪም፣ ከእኔም ግቢ በስልክ እየተገናኙ ይጋጠማሉ። ጠባቸው ደግሞ ሁልጊዜ በሰዓት ነው። አንዱ ሲመራ ኳሷን ከኋላ ተከላካዮቹ መሃል እያንከባለለ ሰዓት ይገድላል። ሌላው ሲሸነፍ ጨዋታውን አቁሞ ይጠፋና «ካህረባ ሄደብኝ» ይላል። መብራት አይሄድም አልልም፤ ግን እሱ ሲሸነፍ ብቻ ነው እንዴ የሚሄደው?

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ብቻ ማቆም ይቻላል፣ ያውም ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ ወዲያ ስልኩን ጥሎ የሄደ፣ የገባበት ጎል ይቆጠርበታል። በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ኳስ ከኋላ ይዞ ሰዓት የገደለ ደግሞ ይሸነፋል፤ ቅጣቱንም ዳኛዋ ትወስናለች። «ያላ፣ የሚቃወም አለ?» አልኩ። ማን ደፍሮ!

ሽልማቱን ያመጣው ጋሽ ይማም ነው፤ የወሎ ሰው፣ ካርቱም ያረጀ፣ ስልክ ጠጋኝ። «ያሸነፈ፣ እገዳው ሲነሳ ሱቄ ውስጥ ሁለተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሙያውን አስተምረዋለሁ» አለ። ይህን ሲሰማ የተከራዬ የኦሊያድ ዓይን በራ። ጡብ ተሸክሞ ወገቡ የተቆረጠ ልጅ ነው። የሊቢያ ደላላ በየቀኑ ይደውልለታል። «እትዬ፣ ወንበሩን ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካጣሁት ግን እሄዳለሁ» አለኝ። እኔ ቤት አድረው በዚያ በረሃ የቀሩትን አውቃለሁ። የአንዳንዶቹ እናቶች ዛሬም ይደውሉልኛል። ዳኛ አያዳላም ይባላል፤ እኔ ግን በልቤ አዳልቼ ነበር፣ ምን ይደረግ!

ፍጻሜውን ከእሱ ጋር የምትጫወተው ዘኪያ ሆነች። ካፉሪ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ምላሷም ጣቷም ፈጣን። እሷም ከዚያ ወጥ ቤት መውጣት ትፈልጋለች። ረመዳን ነበርና ከኢፍጣር በፊት እንዲያልቅ ብለን በጊዜ ጀመርን፤ ኔትወርኩ እየተቆረጠ ቀሪውን ደቂቃ እንደገና ሲጀምሩ ግን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ሆነ። እኔ ከኦሊያድ ትከሻ ኋላ ቆሜ ጨዋታውን በስልኬ ካሜራ ለሊጉ ሰዎች ሁሉ አሳያለሁ። የዘኪያም ድምፅ በእኔው ስልክ ይሰማል። ሁለት ለአንድ ትመራለች። ያቺን አንድ ማቆሚያዋን ማዳሟ ጠርታት ቀድማ ተጠቅማባታለች፤ ኦሊያድም የራሱን ጨርሷል።

ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ የመግሪብ አዛን ተሰማ፣ በእኛም መስኮት፣ በስልኬም ከካፉሪ። ወዲያው የማዳሟ ጥሪ ተከተለ። ጾሞ የዋለ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ውሃ ሲጠብቅ ሠራተኛ «ቆዩኝ» አትልም። «እትዬ፣ አሁን እመለሳለሁ!» ብላ ስልኩን ስትጥለው ሰማሁ።

ኳሷ ከኦሊያድ ጋር ናት። የዘኪያ ተጫዋቾች አዛዥ አጥተው ተገትረዋል። በስልኬ ሁሉም ይጮኻል፤ «አግባ! አግባ!» እኔም፣ ዳኛዋ፣ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ፀሐይ ሳለ ሩጥ አሉ! ሕጉ ይፈቅድልሃል!»

ኦሊያድ ኳሷን ወደ ኋላ መለሳት። ከተከላካይ ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ በረኛ፣ ከበረኛ እንደገና ወደ ተከላካይ። እየተመራ! የሚመራ ሰው ሰዓት ሲገድል አይቻለሁ፤ እየተመራ ያለ ሰው የራሱን ሰዓት ሲገድል ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

«አብደሃል?» አልኩት።

ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «እትዬ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ጎል አይገባም። ልጅቷ ስትጾም ውላ እስካሁን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም» አለኝ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው። በስልኬ ያለው ጩኸትም እየከሰመ ሄደ። ያ ሁሉ ሰው የልጁ ሰዓት ሲያልቅ ያያል።

ዘኪያ እያለከለከች ስትመለስ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነበር። «ስንት ገባብኝ?» አለች።

«ምንም» አልኳት።

«እንዴት ምንም?»

ያኔ ነው ኦሊያድ ወደ ፊት የሮጠው። አንዴ መታ፤ አግዳሚው መለሰበት። ፊሽካው ተነፋ፣ አለቀ።

የሆነውን ሲነግሯት ዘኪያ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ወንበሩን ግን «ውሰደው» አላለችም፤ ደግ አደረገች፣ በላቧ ያገኘችው ነው። እሱም «ማብሩክ፣ እህቴ» አላትና ወደ ክፍሉ ገባ። ቦርሳውን ከምስማሩ ላይ ሲያወርድ አየሁት።

«ቆም በል! ፍርዱ መቼ ተሰጠ?» ብዬ ጮህኩ። ስልኬ እንደተከፈተ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። «በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ኳስ ከኋላ ይዘህ ሰዓት ገድለሃል፣ አልገደልክም?»

«ገድያለሁ፣ እትዬ።»

«ሕጉን አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ፈረድኩበት። የሚቀጥለውን ዙር እንዳይጫወት፤ በምትኩ በእኔ ቦታ ዳኛ ሆኖ የሁሉንም ሰዓት እንዲይዝ። «የሊጉ ዳኛ ደግሞ ከካርቱም አይወጣም!» ብዬ እዚያው አዲስ ሕግ ጨመርኩ። «ለጅናው ይስማማል?» ከካላክላ እስከ ካፉሪ «ይስማማል!» ሲሉ ስልኬ ሊፈነዳ ደረሰ። ጋሽ ይማም ቴምሩ አፉ ውስጥ እንዳለ ከሁሉም በላይ ጮኸ።

ኦሊያድ ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀም። ስልኩ ጠራ፤ ደላላው ነው። አነሳው።

«የለም፣ አልመጣም» አለ ኮስተር ብሎ። «ተቀጥቻለሁ።»