ሁለተኛው ልኬት

ዙፋር ወደ ላቦራቶሪው ሲገቡ የጫማቸውን በረዶ እንኳ አላራገፉም። "ፈሰሰ! ጉልሲና፣ ልጄ፣ እንደ ውሃ ፈሰሰ!"

ጉልሲና ጠርሙሱን ከአማቷ እጅ ተቀበለች። ድፍድፍ ነዳጁ ከአልሜትየቭስክ ከተማ ዳር ካለው አሮጌ ጉድጓድ የተቀዳ ነው። እንደ ሬንጅ ወፍሮ አልወጣ ስላለ ኩባንያው ጉድጓዱን ሊደፍነው ቀን ቆርጧል። ባሏ ኢልናር አራት ዓመት የደከመው ይህን ለማዳን ነበር፤ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ድፍድፉን በአልትራሳውንድ የድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ የሚያቀጥን መሣሪያ ሠራ። ሠራተኞቹ "ጉድጓዱ አርግዟል እንዴ?" ብለው ሲያሾፉበት፣ "አዎ፣ መንታ ነው" ይላቸው ነበር። መሣሪያው ሳይሞከር ኅዳር ላይ ድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ። ዛሬ ያወረዱት አባቱ ዙፋር ናቸው።

ለካችው። ስምንት መቶ አሥር የነበረው ውፍረት ሦስት መቶ ስድሳ ሆኗል።

ዙፋር ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። "አየህ አይደል፣ የኔ ልጅ?" አሉ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ዳግም መለካት ነበረበት። ደንቡን ያወጣው ራሱ ኢልናር ነው። "ሲያርፍ ተመልሶ ከወፈረ፣ ደነገጠ እንጂ አልዳነም" ይል ነበር።

ሻይ በወተት ጠጡ። ዙፋር ስለ ኢልናር ልጅነት አወሩላት፤ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም ስላቃተው ቀን እየነገሯት ሳቁ። ከዚያ ጉልሲና ተነሥታ ለካች። ሰባት መቶ ዘጠና።

ደግማ ለካች። ያው ነው።

"ምን አለ?" አሉ።

"ተመልሷል፣ አባባ።"

ዙፋር ጠርሙሱን ወደ ጎን ገፉት። "የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ጻፊው።"

"አባባ..."

"ማን ያያል? ጉድጓዱን ይተዉልናል። የልጄ እጅ የነካው ሌላ ምን ቀረኝ?"

"እሱ ቢሆን ይጽፈው ነበር?"

"እሱማ ግትር ነው!" አሉ፤ "ነበር" ማለት አሁንም አልሆነላቸውም። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ልትይዛቸው ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። ከያዘቻቸው ሁለተኛውን ቁጥር እንደማትጽፈው ታውቃለች።

የሙከራውን ቅጽ ስባ ብዕሯን አነሣች። ሦስት መቶ ስድሳን፣ ከሥሩም ሰባት መቶ ዘጠናን ጻፈች። "የመሣሪያው ሠሪ" የሚለውን ቦታ አለቃዋ ባዶ እንድትተወው ነግሯት ነበር፤ የሞተ ሰው ስም አይሞላም ብሎ። እዚያ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ይልቅ በደማቁ፣ "ኢልናር ሳፊን" ብላ ጻፈች።